ዕቅበተ እምነት በጎረቤት ፊት

(ለማኅበሩ አባላት በዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ እምነት እየቀዘቀዘ በሚሄድበት ዘመን የክርስትና ዕቅበተ እምነት ምን ድርሻ እንዳለው የሚጠይቅ ነው። ርእሱ ሰፊ ነው፤ በአንድ ንግግር ተጠቃሎ የሚያልቅም አይደለም። ስለሆነም ነገሩን በአንድ የሀገራችን ስፍራ ላይ አቁሜ ለመመርመር መርጫለሁ። ስፍራውም በአማራ ክልል የሚገኘው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና ዋና ከተማው ከሚሴ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከጣርማ በር ወርዶ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን ካለፈ በኋላ ወደ ሰፊው የጨፋ ሜዳ ይገባል። ከሚሴ የምትገኘው የቦርከና ወንዝ በሚያጠጣው በዚህ አገር ነው። የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪና የእስልምና ተከታይ ሲሆን፣ ክርስቲያኑ በቁጥር አነስተኛ ነው። የዞኑ ሌላዋ ከተማ ባቲ ደግሞ ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ በየሰኞው የሚገናኙባት የታወቀች የገበያ ስፍራ ናት።

ይህን አገር የመረጥኩት፣ ዕቅበተ እምነት የሚባለው ሙያ በእውነት የሚፈተነው በእንዲህ ያለ ስፍራ ስለሆነ ነው። አድማጩ ሁሉ የተናጋሪው ወገን በሆነበት አዳራሽ ውስጥ የሌላውን እምነት ነቅፎ ጭብጨባ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። በከሚሴ ግን ስሙ የሚነሣው ሰው በአጠገብ ያለ ነው። አንድም የሱቅ ጎረቤት ነው፤ አንድም የልጅ አስተማሪ ነው፤ አንድም የአክስት ባል ነው። ዛሬ የተነገረ ቃል ነገ በለቅሶ ቤት፣ ከነገ ወዲያ በሠርግ ቤት የተነገረበትን ሰው ያገኘዋል። ስለዚህ እዚያ የሚጸና መልስ በሌላውም ስፍራ ይጸናል ብዬ አምናለሁ።

አስቀድመን በቃሉ ትርጉም ላይ እንስማማ። ዕቅበት «ዐቀበ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን፣ ዐቀበ ማለት ጠበቀ ማለት ነው። በግሪክ «አፖሎጊያ» የሚባለው ደግሞ በፍርድ ሸንጎ የተከሰሰ ሰው የሚሰጠው መልስ ነው። ጠባቂ ቤቱን ይጠብቃል እንጂ የጎረቤቱን አጥር አይነቅልም። ተከሳሽም የቀረበበትን ክስ አድምጦ ይመልሳል እንጂ ያልተጠየቀውን አይዘበዝብም። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያዪቱ መልእክቱ፣ በሦስተኛው ምዕራፍ፣ ለሚጠይቅ ሁሉ መልስ እንዲዘጋጅ ሲያዝዝ የዋህነትን ከትእዛዙ ጋር አያይዞ እንደሰጠ ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ የሙያው ባሕርይ ከስሙ ጀምሮ የታወቀ ነው። የተጠየቀውን ለይቶ መስማት፣ የሚያምኑትን በትክክል መናገር፣ ይህንንም በየዋህነት መፈጸም ነው።

ቀጥሎ ሊጠየቅ የሚገባው እምነት በእርግጥ እየቀዘቀዘ ነውን የሚለው ነው። በምዕራቡ ዓለም መልሱ በቁጥር ይታያል። በእንግሊዝና በዌልስ በ2011 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ክርስቲያን ነኝ ያለው 59.3 በመቶ የነበረ ሲሆን፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ 46.2 በመቶ ወርዷል፤ ሃይማኖት የለኝም ያለው ደግሞ 37.2 በመቶ ደርሷል። በሀገራችን ግን ቆጠራው ሌላ ነገር ይናገራል። በ1987 ዓ.ም. ከሕዝቡ 50.6 በመቶ ኦርቶዶክስ፣ 32.8 በመቶ ሙስሊም፣ 10.2 በመቶ ፕሮቴስታንት ነበር። በ1999 ዓ.ም. ኦርቶዶክሱ 43.5፣ ሙስሊሙ 33.9፣ ፕሮቴስታንቱ 18.6 በመቶ ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚህ እንደምንረዳው በእኛ ዘንድ ሰው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ እግዚአብሔር የለም ብሎ የሚወጣው እጅግ ጥቂት ነው።

ይህ ሲባል ግን መቀዝቀዝ የለም ማለት አይደለም። ቆጠራ የሚመዘግበው ስምን ነው፤ ልብን አይመዘግብም። ማዕተብ አስሮ፣ ጾም እየያዘ፣ በበዓል ነጭ ለብሶ የሚታየው ወጣት፣ የሚያምነው ምን እንደሆነ ቢጠየቅ መልስ የሚያጥረው ከሆነ፣ እምነቱ ከልማድ ያለፈ ሥር የለውም። በእኔ አስተያየት በሀገራችን እምነት የሚቀዘቅዘው ተከራካሪ ስላሸነፈው ሳይሆን፣ ልጁ በቤቱ የጠየቀው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ስለሚቀር ነው። «ዝም በል፣ ይህ አይጠየቅም» የተባለ ልጅ ጥያቄውን አይጥለውም፤ ይዞት ወደ ሌላ በር ይሄዳል።

ለዚህ አንድ ቅርብ ምስክር አለን። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የማርክስና የሌኒን ትምህርት በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ሲሰጥ፣ ወጣቱ ሃይማኖት ምንድን ነው የሚል ጥያቄ በአደባባይ ቀረበለት። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአንድ ወር ውስጥ ተገደሉ። ይሁን እንጂ የሃይማኖት መጥፋት አልተከተለም። በዚያው ዘመን በርካታ ወጣቶች ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ገብተው መማር ጀመሩ፤ በ1983 ዓ.ም. በብላቴ የጦር ማሠልጠኛ የተሰባሰቡት የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎችም በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ለተባለው ማኅበር መመሥረት ምክንያት ሆኑ። ትምህርቱ የመጣው ጥያቄው በግልጽ ስለተጠየቀ ነው። እንግዲህ ጥያቄ የእምነት ጠላት ተብሎ ሊፈራ አይገባም፤ የሚያስፈራው ጥያቄውን የሚቀበል መምህር ማጣት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። የተለየ እምነት ካለው ሰው ጋር ምን እናድርግ ለሚለው ጥያቄ ታሪካችን ሁለት ዐይነት መልስ አቆይቶልናል፤ አንደኛው በቃል የተሰጠ፣ ሁለተኛው በዐዋጅ የተሰጠ ነው።

በቃል ከተሰጠው እንጀምር። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ ተሰደው ወደ አክሱም የመጡት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በንጉሡ ፊት ቀርበው ስለ እምነታቸው ተጠየቁ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብም ስለ ወገኖቹ ቆሞ መልስ ሰጠ። ከመካ የተላኩት መልእክተኞች ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ቢጠይቁም ንጉሡ አልፈቀደላቸውም። በዚህ ትረካ ውስጥ ስለ እምነቱ የሚመልሰው ሙስሊሙ፣ አድማጩ ደግሞ ክርስቲያኑ እንደሆነ ልብ እንበል። በሁለቱ ሃይማኖቶች መካከል በምድራችን የተደረገው የመጀመሪያው ንግግር የከሸፈ ያልሆነው መልሱ ስለተሰማ ነው። የከሚሴ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን ይህን ታሪክ ያውቀዋል፤ የጋራ ሀብቱም ነው።

ከዚያ ዘመን ወዲህ ስንመጣ እጨጌ ዕንባቆምን እናገኛለን። ዕንባቆም የተወለዱት በየመን ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ክርስትናን ተቀብለው፣ በደብረ ሊባኖስ መንኩሰው እስከ እጨጌነት የደረሱ ሊቅ ናቸው። በ1531 እ.ኤ.አ. ደብረ ሊባኖስ በእሳት ጠፋች። በዚያ የጦርነት ዘመን ዕንባቆም «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈው ያቀረቡት ለኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ነው። መጽሐፉ ከቁርኣን እየጠቀሰ የሚናገር በመሆኑ፣ ጸሐፊው የሚመልሱለትን ሰው መጽሐፍ በገዛ ቋንቋው ያነበቡ እንደነበሩ ይታያል። ገዳማቸው በተቃጠለባቸው ዘመን ብዕር ማንሣታቸው ሊደነቅ ይገባዋል።

ዐፄ ገላውዴዎስም በ1555 እ.ኤ.አ. የጻፉት የእምነት መግለጫ የዚሁ ወገን ነው። ኢየሱሳውያን ኢትዮጵያውያንን ቅዳሜን ስለሚያከብሩ፣ ስለሚገረዙና እሪያ ስለማይበሉ በይሁዲነት ሲከሷቸው፣ ንጉሡ ክሱን አንድ በአንድ ወስደው በአጭሩ መልስ ሰጡ። ስለ ግዝረት ሲናገሩም ነገሩ እንደ አገር ልማድ የሚታይ መሆኑን ገለጹ። ንግግራቸው ቁጣ የለበትም። ጥቂት ገጾች ብቻ ያሉት ይህ ጽሑፍ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ለዘመናት ሲነበብ የኖረው ግልጽና የተረጋጋ በመሆኑ ይመስለኛል።

በዐዋጅ የተሰጠው መልስ የሚገኘው ለከሚሴ ይበልጥ በሚቀርበው ስፍራ፣ በደሴ አጠገብ ባለው በቦሩ ሜዳ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በዚያ ጉባኤ አቆሙ። በክርስቲያኖች መካከል የነበረው የልደትና የቅብዐት ክርክር በጉባኤው ከታየ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ እስከ መባል ደረሱ። ሕዝቡ ግን እንደ መኳንንቱ አልሆነም። ሼህ ጠልሐ ኢብን ጃዕፈርን የመሳሰሉ መምህራን ተቃውሞውን መሩ፤ ብዙ ሰው ተሰደደ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በትእዛዝ የተጠመቀውም በብዙ ስፍራ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ዛሬ ከቦሩ ሜዳ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ከሚሴ የሚወርድ መንገደኛ የዚያን ዐዋጅ ፍጻሜ በዐይኑ ያያል።

የዘመኑን ነገሥታት የሀገር አንድነት ጭንቀት መዘንጋት የታሪክ ፍርድን ያጓድላል። ይሁን እንጂ ለሙያችን የሚተርፈው ትምህርት አሻሚ አይደለም። ሥልጣን ስምን መለወጥ ይችላል፤ እምነትን መስጠት ግን አይችልም። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ የዚያ ዘመን ትዝታ ዛሬም ድረስ የክርስቲያኑን የዋህ ቃል ሳይቀር በጥርጣሬ እንዲሰማ ማድረጉ ነው። በእነዚህ አገሮች የሚያስተምር ሰው ይህን ሸክም ተሸክሞ እንደሚናገር ማወቅ አለበት።

ከቦሩ ሜዳ በኋላ አንድ ትውልድ እንኳ ሳያልፍ የሼህ ዘካርያስ ነገር ተከሰተ። የሙስሊም መምህር የነበሩት ሼህ ዘካርያስ ቁርኣንን በራሳቸው መንገድ እየተረጐሙ ወደ ክርስትና የቀረቡ፣ በ1902 ዓ.ም. ገደማም ከብዙ ተከታዮቻቸው ጋር የተጠመቁ ሰው ናቸው። የተከተሏቸው ሰዎች የመጡት በንባብና በክርክር እንጂ በጦር አልነበረም። አንድ ሰው በቃል ያደረገው፣ ሠራዊት በዐዋጅ ሊያደርገው ካልቻለው በላይ ጸና።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ዛሬ በከሚሴ የሚኖረውን ወጣት ለማሰብ እንዲረዳን ነው። ክርስቲያን የሆነ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። በወንበር አብሮት የሚቀመጠው ጓደኛው ሙስሊም ነው። ጓደኛው በቅንነት ይጠይቀዋል፤ እግዚአብሔር አንድ ከሆነ ሦስት የምትሉት እንዴት ነው? አምላክ እንዴት ይወለዳል? ለተሰቀለ ሰው እንዴት ይሰገዳል? በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ደግሞ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል። ማታ ስልኩን ሲከፍት ሁለት ተከራካሪዎች ሲዘላለፉ ያያል፤ አንዱ የሌላውን ነቢይ ይሰድባል፣ ሌላውም የዚህኛውን መስቀል ያንቋሽሻል። ተመልካቹ ሺህ ነው፤ ሳቁም ብዙ ነው።

ይህ ወጣት ሁለት አደጋ ተደቅኖበታል። አንደኛው ከስልኩ የተማረውን ስድብ ነገ ለጓደኛው ማድረሱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሁለቱም ወገን ስድብ ተሰላችቶ ሃይማኖት ማለት ይህ ከሆነ ለእኔ አይረባኝም ማለቱ ነው። የመጀመሪያው ጎረቤትን ያሳጣል፣ ሁለተኛው እምነትን ያሳጣል። ስለዚህ ስድብ የተቀላቀለበት ዕቅበተ እምነት እጠብቀዋለሁ ያለውን ቤት ራሱ ባዶ ያደርገዋል ብል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ የቃላት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑንም እናውቃለን። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያዋ፣ እንዲሁም በዞኑ አንዳንድ ወረዳዎች በተነሣው ግጭት የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ቤት ንብረት ተቃጥሏል፣ ሕዝብ ተፈናቅሏል። የዚያን መንስኤ መተንተን የዚህ ንግግር ዓላማ አይደለም፤ ሃይማኖት ብቻውን እንዳልወለደውም ግልጽ ነው። ነገር ግን ቂም በተኛበት ምድር ላይ የሚሰነዘር ስድብ በደረቅ ሣር ላይ እንደሚወድቅ ፍም ነው። በአንጻሩም ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው። እግዚአብሔር የት ነበር ይላል። ስለ ምሥጢረ ሥላሴ መቶ ማስረጃ የሚደረድር መምህር በዚህ ሰው ፊት የሚናገረው ካጣ፣ ወይም መልስ ሳይኖረው አብሮ ማልቀስን ካላወቀበት፣ ሙያው ጎዶሎ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገሮችን ላቅርብ።

የመጀመሪያው፣ መልሱን ከቤታችን መዝገብ ማውጣት ነው። የአንድምታ መምህር አንዱን ቃል በብዙ መንገድ እየመረመረ፣ የሚነሣውን ጥያቄ ራሱ እያነሣ ይተረጉማል። አምስቱ አዕማደ ምሥጢር የተሰናዱት ምእመኑ የሚያምነውን በቅደም ተከተል እንዲያውቅ ነው። የሥላሴን አንድነትና ሦስትነት በፀሐይ ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት መስሎ ማስረዳት ከጥንት የመጣ ስልት ነው፤ ምሳሌው ምሥጢሩን ጨርሶ እንደማይገልጸውም አባቶች ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። ይህን የተማረ ወጣት ለጓደኛው መልስ ሲሰጥ አይቆጣም፤ የሚቆጣው አብዛኛውን ጊዜ መልስ የሌለው ነውና።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። በዐሥረኛው ምዕት ዓመት የግብጽ ክርስቲያኖች ቅብጥኛን እየረሱ ዐረብኛ ሲናገሩ፣ የእስሙናይን ኤጲስ ቆጶስ ሳዊሮስ ኢብን አል-ሙቀፋዕ የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት በዐረብኛ ጻፈ። እኛም የአባቶችን ምስክርነት የያዘውን «ሃይማኖተ አበው» ያገኘነው ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተተርጉሞ ነው። የሙስሊም ጎረቤታችን የጸሎት ቋንቋ የእኛን የእምነት መዝገብ ያሻገረ ድልድይ ሆኗል ማለት ነው። በከሚሴና በባቲ ድልድዩ ኦሮምኛ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ1899 እ.ኤ.አ. በግእዝ ፊደል የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ካበረከቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በጥር 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተፈጠረው ከባድ ችግርም ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ ምእመናን በቋንቋቸው የመገልገላቸው ጉዳይ እንደነበረ እናስታውሳለን። ልጁ በሚያልምበት ቋንቋ ያልተሰጠ መልስ ለእርሱ እንደ ተሰጠ አይቆጠርም።

ሦስተኛው የመናገር ሥርዓት ነው። የጎረቤታችንን እምነት ስናስረዳ፣ ጎረቤታችን ቢሰማ «አዎን፣ የማምነው ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ በትክክል እናስረዳ። ይህን ማድረግ የማይችል መምህር ገና ለመልስ አልደረሰም። የሚጠቅሰውን መጽሐፍ ሳያነብ የሚጠቅስ፣ የሚተቸውን ሰው ሳያውቅ የሚተች፣ ሙያውን ያዋርዳል።

አንዳንድ ባልደረቦች ይህ ልስላሴ ልዩነትን ወደ መሸፈን፣ ሁሉም አንድ ነው ወደ ማለት አይወስደንምን ብለው እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን አይወስደንም የሚል ነው። ሙስሊሙ ቃል ሥጋ መሆኑን አይቀበልም፤ ክርስቲያኑ ደግሞ ያለዚህ ክርስትና የለውም። ይህን መደበቅ ጎረቤትን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው። የወሎ ሕዝብ በዚህ ረገድ ከእኛ ከመምህራኑ ቀድሞ ተገኝቷል። በወሎ ሠርግ ለክርስቲያኑ እንግዳ በክርስቲያን እጅ፣ ለሙስሊሙም በሙስሊም እጅ የየራሱ ሰንጋ ይታረዳል። ሥጋው አንድ ነው ብሎ የሚያታልል የለም፤ ሥጋው ስለተለየም አልመጣም የሚል የለም። ልዩነቱ በግልጽ ታውቆ ዳሱ ግን አንድ ይሆናል። ዕቅበተ እምነትም ይህን ቢመስል መልካም ነው።

ክቡራን ባልደረቦች፣

እምነት በሚቀዘቅዝበት ዘመን የእኛ ድርሻ ጥያቄውን ሳይፈሩ መቀበል፣ መልሱን ከመዝገባችን አውጥቶ በልጁ ቋንቋ መስጠት፣ ጎረቤቱም ሳይሸማቀቅ ሊሰማው በሚችል ቃል መናገር ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ያህል እያንዳንዳችን እስከሚቀጥለው ጉባኤ ድረስ ተማሪዎቻችን የጠየቁንን ጥያቄ፣ መልስ ያጣንለትንም ጭምር፣ በማስታወሻ ደብተር መዝግበን እንድንመጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። የተሰበሰበው ጥያቄ በአማርኛና በኦሮምኛ ከነመልሱ ተዘጋጅቶ በትንሽ መጽሐፍ ሊታተም ይችላል። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ግን አንድ ቅን ሙስሊም መምህር እንዲያነበውና ስለ እምነቱ ያልነው ትክክል መሆን አለመሆኑን እንዲነግረን እንጠይቀው።